ልጇ የደበቀቻት

ታላቅ እህቴ እትዬ በላይነሽ የበደለችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እናታችን በሞተችበት ሳምንት ነው። ይቅር በያት የሚሉኝ ሰዎች ያን ቀን አልነበሩም።

ባለፈው ሳምንት በባሕር ማዶዋ ከተማ ቡርንስቪል፣ በእትዬ አፓርታማ ውስጥ፣ ሆስፒስ ከሚሉት፣ የማይድን ሰው በቤቱ ከሚያስታምሙት ዘንድ የምትመጣው ነርስ እግሯን በቅባት ስታሽላት ክፍሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሸተተ። የእማዬም ክፍል በተቀቀለ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይታጠን ነበር። ያን ቀን ወደ እማዬ ልገባ ስል እትዬ በሩን በትከሻዋ ያዘችው። እማዬ ከውስጥ፣ «ማነው? ትንሿ ናት?» አለች።

«ማንም የለም፤ ነፋስ ነው» አለች እትዬ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ለእኔ ደግሞ በሹክሹክታ፣ «የሞት ፊት ለልጅ አይሆንም» አለችኝ። የማን ፊት እንደሆነ አልገባኝም። አክስቴ ቤት ተላክሁ፤ የተመለስኩት እማዬ ከተቀበረች በኋላ ነው።

ነርሷ እንደወጣች እትዬ ልጇን፣ «ይህቺ ሴት ለምንድን ነው የምትመላለሰው?» አለቻት።

«ቫይታሚን ልትሰጥሽ ነው ማሚ፤ ትድኛለሽ» አለች ልጇ። እኔን በዓይኗ ለመነችኝ።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ንገሪኝ። አንቺ አትወጂኝም፤ አትዋሺኝም።»

ሕክምናው እንደቆመና የቀራት ጊዜ አጭር እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ ለንስሐ አባቷ ስልክ ደወልኩ።