ሣር ይዛ የተንበረከከችው ማርታ

ውይ ሳቄ ሊገድለኝ ነው! ቆዩ፣ ዋናው ገና ነው። ለትምህርት ከገረሴ እኔ ዘንድ የመጣችው የወንድሜ ልጅ ማርታ፣ በቲክቶክ ካልታወቅኩ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ኩልፎ ወንዝ ዳር ባለው የሙዝ ማሳዬ ስልኳን ሙዝ ግንድ ላይ ታስርና ላይቭ ገብታ ትጨፍራለች። እኔም አጨበጭባለሁ፣ ምን ላድርግ!

አንድ ከሰዓት፣ እየጨፈረች ሳለ አባቷ ዱላውን ይዞ በሙዙ መሃል ብቅ አለ። ሰው ነግሮታል።

«ልብስሽን ሰብስቢ! ዛሬውኑ ገረሴ ትገቢያለሽ፤ ትምህርቱም በቃ!»

እጄ ባጨበጨብኩበት ደረቀ። ትሮጣለች ስል፣ ጎንበስ ብላ እርጥብ ሣር ነጨችና ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ እግሩ ሥር ተንበረከከች። እኛ ጋሞዎች ሣር ይዞ ለእርቅ የተንበረከከን ሰው ረግጠን አናልፍም። ግን እኮ የሽማግሌ ወግ ነው፤ አንዲት ፍሬ ልጅ ስታደርገው አይቼ አላውቅም! ወንድሜ ዱላውን እንደጨበጠ ባለበት ቆመ።

ማርታ ከፊቷ የታሰረውን ስልክ ቀና ብላ አየች።

«አባዬ፣ ላይቩ አልተዘጋም። ሰዉ ሁሉ ‹ይቅር በላት› እያለ ይጽፍልሃል። ምን ልበላቸው?»

ወንድሜ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ታርቀናል፣ ትማራለች በያቸው። ቆይ ግን፣ ኮፍያዬን ሳላስተካክል ለምን አሳየሽኝ?»