የሚካኤል ዕለት አረም

ዛሬ ከበረዶው በኋላ ማሳችን ዳር ቆሜ የተቀጠቀጠ ገብስ ሲሸተኝ፣ የልጅነቴ አንድ ክረምት ትዝ አለኝ።

ያኔ ዝናቡ አላባራ ብሎ አረሙ ገብሳችንን ውጦት ነበር። አባቴ ታሞ ስለ ተኛ፣ የሚካኤል ዕለት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ ተደብቄ አረም ስነቅል አረፈድኩ። ከሰዓት በረዶ ወረደ። የመንደሩ ገብስ ሁሉ ተኛ፤ በጎችም ሜዳ ላይ ሞቱ።

በማግስቱ አያቴ መንደርተኛውን ሰብስበው፣ «በዓል የሻረ ማነው?» አሉ። ከዚያም ወደ ጎረቤታችን ወደ አያ ደሴ ዞሩ። «ትናንት ከቤትህ በኩል የመጥረቢያ ድምፅ ሰምቻለሁ።»

«ኧረ አባባ፣ እኔስ ተኝቼ ነው የዋልኩ። ሚስቴን ይጠይቋት፤ ስታንኮራፋ ዋልክ ብላ ስትሰድበኝ ነበር።»

ሰው ሳቀ። አያቴ ግን፣ «ቀልድህ ገብሳችንን አያቆመውም» አሉት። ከጽዋ ማኅበሩም አስወጡት። እኔ አረም ያጠቆረውን ጣቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤት ሄድኩ። አያ ደሴ ወደ ማኅበሩ ሳይመለስ ሞተ።

ዘንድሮ ሁላችንም በዓሉን አክብረን ነበር። ከማሳችን ቀጥሎ የአያ ደሴ ልጅ የወደቀውን ገብሷን በእጇ ቀና ታደርጋለች፤ ተመልሶ ይወድቃል።

«ደግሞ ማን ሽሮብን ይሆን?» አለችኝ።

«እንጃ» አልኳት።