የቅጹ ጀርባ

ባለፈው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቴ መጥታ ስለ ትንሿ ልጄ አመጋገብ ስትጠይቀኝ፣ መልስ እስክሰጣት ስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ ታደርግ ነበር። ያ ድምፅ እኔን ይዞኝ ሄደ። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ አምቦ ከገበያው ጀርባ ወደነበረችው የሕፃናት ማቆያ።

ማቆያዋ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረች። ጠዋት ስገባ አዲስ የተለቀለቀ ወለልና የአጥሚት ሽታ ይቀበለኝ ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ መሬቱ ላይ ትንሽ ክብ ብርሃን ይጥላል፤ ሕፃናቱ ሊያነሱት ይታገሉ ነበር። እናቴ ድንችና ሽንኩርት ስትሸጥ ትንሹ ወንድሜ የሚውለው እዚያ ነው። ማቆያዋ ከመከፈቷ በፊት የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት ያቋረጥኩትም ለዚሁ ነው።

አንድ ቀን ማቆያዋን ከሚረዳው ድርጅት ገምጋሚ ከአዲስ አበባ እንደምትመጣ ተሰማ። ማቆያዋ ለችግረኛ ቤተሰቦች ምን እንደጠቀመች ትጠይቃለች፤ ጥቅም ካላየችባት ድጋፉ ወደ ጊንጪ ይዛወራል፣ ቤቷም ትዘጋለች። ይህን የነገረችኝ የማቆያዋ ሞግዚት ናት። ገምጋሚዋ ኦሮምኛ ስለማትችል እንዳስተረጉምላት የለመነችኝም እሷው ናት።

እናቶቹ እንግዳ ይመጣል ስለተባሉ ልጆቻቸውን የክት ልብስ አልብሰው፣ ፊታቸውን በቅባት አብርተው አመጡ። አንዱ ሕፃን በሱፍ ልብስ እንደ ሚዜ ተገትሯል። ገምጋሚዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ አየቻቸው።

መጀመሪያ የተቀመጠችው እንጨት ለቅማ የምትሸጥ እናት ነበረች። ማቆያዋ ከመከፈቷ በፊት ልጇ በቀን ስንት ጊዜ ይበላ እንደነበር በኦሮምኛ ጠየቅኋት።

«ገላታ ዋቃዮ» አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቷ ነው።

አሁንስ ስላት፣ አሁንም ገላታ ዋቃዮ። ቀጣይዋም እንደዚያው። አማርኛ የምትናገረዋም በፊት ተመስገን፣ አሁንም ተመስገን። አንዷማ ጎንበስ ብላ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ጎድሎብኝ ነበር ብዬ በወረቀት ላስጽፍ? የሰጠኝ አይሰማም?» አለችኝ። ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ሆይ ነው። ጎረቤቷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ገምጋሚዋ ስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ እያደረገች ወደ እኔ ዞረች። «በፊትም ተመስገን፣ አሁንም ተመስገን። ታዲያ ምን ተለወጠ ብዬ ልጻፍ? ‹ለውጥ የለም› የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ነው።»

ሞግዚቷ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እኔ የታየኝ ወንድሜን አዝዬ ደጃፍ ላይ ስቆም፣ የክፍል ጓደኞቼ ደብተር ይዘው በፊቴ ሲያልፉ ነው። ያን ዓመት መድገም አልፈለግሁም።

እንዴት እንደደፈርኩ ዛሬም አላውቅም። «እትዬ፣ በሌላ መንገድ ልጠይቃቸው?» አልኳት። «ዘንድሮ የምታመሰግኑበት፣ ዓምና ግን ያልነበረ ነገር ምንድን ነው ብዬ?»

ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። ቅጹ ለእንዲህ ያለ መልስ ቦታ አልነበረውም። ገለበጠችውና በጀርባው ለመጻፍ ተዘጋጀች።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። እንጨት ሻጯ ዓምና ልጁን ከፊት፣ እንጨቱን ከኋላ ትሸከም እንደነበር፣ ዘንድሮ ግን የምትሸከመው እንጨቱን ብቻ እንደሆነ ተናገረች። ሌላዋ ልጇ እጅሽን ሳትታጠቢ አታጉርሺኝ እያለ መቆሚያ መቀመጫ እንዳሳጣት አማረረች፤ ፊቷ ግን ያበራ ነበር። ያቺ ‹ላስጽፍ?› ያለችው ደግሞ በሁለት ዓመቱ መቆም ያቃተው ልጇ አሁን እየሮጠ ስለሚያመልጣት የግቢዋን በር በገመድ እንደምታስር ነገረችን። እኔ በማስተርጎም ምላሴ ደረቀ፤ ገምጋሚዋ የደከሙ ጣቶቿን እያራገፈች መጻፏን ቀጠለች።

በመጨረሻ የእናቴ ተራ ሆነ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። መልሷ በአማርኛ ስለነበር የማስተረጉመው አልነበረኝም። ቆሜ ሰማሁ።

«ይህቺ ልጄ ዓምና ጠገብኩ እያለች ድርሻዋን ለወንድሟ ትተው ነበር» አለች። «አውቅ ነበር። ሌላ የምሰጣት ስላልነበረኝ ያላወቅሁ መስዬ ዝም አልኩ። ዘንድሮ እሱ እዚህ በልቶ ይመጣል፣ እሷም ከእኔ ጋር ቁጭ ብላ ትበላለች። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።»

የስክሪብቶው ድምፅ ጠፋ። እኔ ዓመቱን ሙሉ እንዳታለልኳት እርግጠኛ ነበርኩ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ማቆያዋ አልተዘጋችም። እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ወንድሜ ዛሬ በቁመት ይበልጠኛል።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ጉደር መንገድ ዳር ቦምቦሊኖ ከምትጠብሰው ሴት ዘንድ ቆመችና አንድ ትኩስ ገዝታ ሰጠችኝ። ወንድሜ ከጀርባዋ ሆኖ እጁን ዘረጋ። ልቆርስለት ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«እሱ ጠግቧል። አንቺ ብይ።»

ደብተሮቼን ተቀበለችኝና፣ ከጣቴ ላይ ስኳሩን ልሼ እስክጨርስ ድረስ መንገዱ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ።