ከስፌቱ ሥር የገባው ቅቤ

መጀመሪያ የበላኝ ከግራ ጆሮዬ በላይ ነው። ለአራተኛ ክፍል ልጆች ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ጠመኔውን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው መዳፌ ራሴን ጠፍ ጠፍ አደረግሁ። ፀጉር ተሰፍታ የምታውቅ ሴት ይህን ጠፍ ጠፍ ታውቀዋለች። ጥፍር ከስፌቱ ሥር ስለማይገባ ማከክ አይቻልም፤ ያለው አማራጭ የገዛ ራስን መምታት ነው። ልጆቹ ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የእስክሪብቶ ክዳን በረድፎቹ መሀል እያስገባሁ መፈተግ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱን ግን ተደብቄ ነበር የማደርገው።

ይህን የምጽፈው ለተሰፉና ሊሰፉ ላሰቡ ሴቶች ነው፤ ይልቁንም ከተሰፋው ሥር ደስ የማይል ነገር እየሸተታቸው ዝም ላሉት። ተወልጄ ያደግሁት ጋዝጊብላ ነው፤ አሁን ሰቆጣ አስተምራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሹሩባዬ ጥብቅ ነበር። በእኛ ዘንድ ሹሩባው ቶሎ የላላ እንደሆነ ሠሪዋ ትታማለች። ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ የግንባሬ ዳር እየሳሳ ቆዳዬ መታየት ጀመረ። እሱን ልሸፍን ብዬ ነው እንግዲህ ሂውማን ሄር የሚሉት የሰው ፀጉር ያማረኝ። የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ሲቃረብ፣ ዓረብ አገር የምትሠራው እህቴ በሰው እጅ አንድ እሽግ ላከችልኝ።

የሰፋችኝ ጎረቤቴ ብርቱካን ናት፤ ከገበያው በታች ፀጉር ቤት አላት። መጀመሪያ የራሴን ፀጉር ከቆዳዬ ጋር አጣብቃ ዙሪያውን ሹሩባ ሠራችው። ከዚያም የመጣውን ፀጉር በሹሩባው ላይ በመርፌና በክር እየጠለፈች ሰፋችው።

"አመመሽ?" ትለኛለች።

"አጥብቂው" እላታለሁ።

ቅንድቤን ማንሳት እስኪያቅተኝ ጠበቀ። ለጥቂት ቀናት ራሴን ትራስ ላይ ማሳረፍ አልቻልኩም ነበር። ሰው ሁሉ ግን አማረብሽ አለኝ። ሠርጉ ላይ እስክስታ ስወርድ ፀጉሩ ጀርባዬ ላይ ይወዛወዛል፤ እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር።

ብርቱካን "ከሁለት ወር እንዳታሳልፊው" ብላኛለች። አሳለፍኩት። አንድ ቀን ከእስክሪብቶው ክዳን ጫፍ ላይ መግል አየሁ። በመሐረብ ጠርጌ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ቢፈታ ከሥሩ የማየውን ፈርቼ፣ ካላየሁት የሌለ ይመስል።

በዚያ ሰሞን እናቴ ለገበያ ወርደው እኔ ዘንድ አረፉ። እናቴ አማርኛ ይሰማሉ፤ ልባቸው ያለው ግን በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ነው፣ ከእኔም ጋር የምንነጋገረው በእሱ ነው። ራሴን ስመታ አይተው እጃቸውን ጭነው ዳሰሱኝ።

"ምነው ይነዳል ራስሽ?"

"ትንሽ ያሳክከኛል።"

ስለ መግሉ ትንፍሽ አላልኩም። በቤታችን ራሱ ለነደደ ሰው መድኃኒቱ ለጋ ቅቤ ነው፤ እናቴ ሁላችንንም በእሱ ነው ያሳደጉን። በቅል ካመጡት ቅቤ ዘግነው በጉልበቶቻቸው መሀል አስቀመጡኝ።

"የማን ነው ይሄ ፀጉር?" አሉኝ።

"የህንድ ሴት ነው ይላሉ።"

"ትኑር ብቻ የፀጉሩ ባለቤት" አሉና ቅቤውን በየረድፉ መሀል በጣታቸው እየገፉ አስገቡት። እፎይ አልኩ። ያን ያህል ጊዜ ሲያቃጥለኝ የነበረው በረደ። በማግስቱ ራሴ ነኝ ቅሉን ይዤ ሄጄ "ይጨምሩልኝ" ያልኳቸው። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የተሰፋ ፀጉር ሲታጠብ ከሥሩ ቶሎ አይደርቅም፤ ውሃውም በወረፋ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሳልታጠብ በላዩ ሻሽ አስሬ ሥራ ዋልኩ። በመምህራን ማረፊያ አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ "ቦርሳሽ ውስጥ የቆየ ቅቤ አለ እንዴ?" አለችኝ። "ለበዓል የገዛሁት ነው" አልኳት።

ከዚያ ከጆሮዬ ኋላ ንፍፊት ወጣብኝ። ማጅራቴ ደረቀ። ትኩሳት ያዘኝ። ከእናቴ ጋር ሆስፒታል ሄድን።

ዶክተሩ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ አማርኛው ይፈጥናል። ጓንት አጥልቆ አንዱን ረድፍ ገለጥ አደረገና ወዲያው መለሰው።

"ፎሊኩላይተስ ይባላል፤ የፀጉር ሥር ቁስለት ነው። አንዳንዱ ጋ መግል ቋጥሯል። ዛሬውኑ ይፈታ። የራስሽም ፀጉር በመቀስ ማጠር አለበት፤ ቁስሉን ሳላይ ላክም አልችልም።"

እናቴ ከዚህ ሁሉ የሰሙት መቀሱን ነው።

"አባቷ ቆመው ሳሉ የልጄ ራስ አይላጭም" አሉ።

በአገራችን ራሷን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት። ሰው ሳይሞት መላጨት ሞትን ስሙን ጠርቶ እንደማምጣት ነው። ዶክተሩ "እናቴ፣ ለሕክምና እኮ ነው" እያለ ለመናቸው። ወደ እኔም ዞሮ አየኝ። እኔ መምህርት ነኝ፣ ማስረዳት የኔ ድርሻ ነበር። ግን የእናቴ እምቢታ ለእኔም ተስማማኝ። ያ ባዶ ግንባሬ በአደባባይ እንዳይታይብኝ ከእሳቸው ጀርባ ተሸሸግሁ። የሚዋጥ መድኃኒት ብቻ ይዘን ወጣን።

ትኩሳቱ ባሰ። ግንባሬ አበጠ። እብጠቱ ወደ ዓይኔ ወረደ። ግራ ዓይኔ ተዘጋ። ውሃ አልወርድ አለኝ። እናቴ ጨርቅ በውሃ እየነከሩ ግንባሬ ላይ ያኖሩልኛል። ጨርቁ ነካኝ። አመመኝ። ያኔ በኽምጥኛ አልኳቸው፦

"ቅቤዎ ነው እንዲህ ያደረገኝ።"

ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጡት። ነጠላቸውን ለብሰው ወጡና የሰፈር ልጆች ይዘው ተመለሱ። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱኝ። በሩ ላይ ዶክተሩን ሲያዩት እናቴ በአማርኛ "ቁረጠው" አሉት።

ብርቱካን ተጠርታ መጣች። ክሩን በምላጭ እየበጠሰች ታለቅሳለች። ክሩ ሲነሳ ፀጉሬ ከነሥሩ አብሮ ተነሳ። ነርሷ የቀረውን በመቀስ አጠረችው። እናቴ መሬት ላይ ሰው እንዳይረግጠው ብለው ነጠላቸውን ከሥሬ ዘርግተው ፀጉሬን ተቀበሉ። ከዚያ መግሉ ወጣ። ስለዚያ ሌላ የምለው የለኝም።

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገኝ ዶክተሩ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ።

"ዋናው ጥፋት መጥበቁ ነው። ስፌቱ ፀጉሩን ከሥሩ ሲጎትት ቆዳው ቆሰለ፤ ስትፈትጊው ጀርም ገባ። ቅቤው የመጣው ከቆሰለ በኋላ ነው። ጤነኛ ቆዳ ላይ ቢሆን ምንም አያደርግሽም ነበር፤ የተዘጋ ቁስል ላይ ሲሆን ግን ያባብሳል። የግንባርሽ ዳር የሳሳው ደግሞ ትራክሽን አሎፔሺያ ይባላል። እሱ የብዙ ዓመት መጎተት ነው። ሁሉም ላይመለስልሽ ይችላል።"

እናቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ንግግሩ ፈጥኖባቸዋል። "ምን አለሽ?" አሉኝ በኽምጥኛ።

"መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰጂ አለኝ።"

ይህን ብቻ ነው የተረጎምኩላቸው። ያኔ ደክሞኝ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ጥፋቱ ከእኔ ወርዶ ሌላ ሰው ላይ በመቀመጡ ቀሎኝ ነበር፤ ያ ሰው እናቴ ሆነውም ቢሆን።

ሴፍትሪያክሶን የሚባል ፀረ-ጀርም መድኃኒት በመርፌ ወሰድኩ፣ ቁስሉም በየቀኑ በጨው ውሃ እየታጠበ ይሸፈንልኝ ነበር፤ ከሆስፒታል ከወጣሁም በኋላ ነርሷ "ዛሬ ደግሞ እንዴት አደረ ይሄ ማሳ?" እያለች እያሳቀችኝ ፋሻውን ትቀይርልኝ ነበር። ዓይኔ ተከፈተ፣ ንፍፊቱም ጠፋ፣ ምግብም ጣመኝ። የቸገረኝ ሰው ነው። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ የተሸለተ ራሴን እያየ "እግዜር ያጥናሽ፣ ማን ነው?" ይለኛል። ማንም አይደለም ስል ደብቃ ነው ብሎ አብሮኝ ያዝናል። ወሬው ከገበያተኛው ጋር ጋዝጊብላ ድረስ ወጣና አንድ ቀን አባቴ ዱላቸውን ይዘው ከደጄ ደረሱ።

"የሞትኩት እኔ ነኝ አሉ፤ ልቅሶው ላይ ልገኝ ብዬ መጣሁ" አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፣ እናቴ ግን አልሳቁም። ሁለቱ አብረው ወደ አገራቸው ወጡ።

ራሴ ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ብቅ ሲል በመስታወት ፊት ብዙ ቆምኩ። ከመሀል አናቴ ጥሩ አድርጎ መጣ፣ ከማጅራቴም መጣ፣ ከግንባሬ ዳርና ከጆሮዬ በላይ ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው፤ ባዶነቱን እየለመድኩት ነው። ብርቱካን እስከ ዛሬ "እኔ ነኝ ያበላሸሁሽ" ትላለች። አጥብቂው ያልኳት እኔ መሆኔን ባስታውሳትም አትሰማኝም። አሁን የግንባሯ ዳር የሳሳ ሴት ስትመጣባት አልሰፋም ብላ ትመልሳለች፤ አንዳንዶቹ ተቆጥተው ሌላ ቤት ይሄዳሉ።

አባቴ ሌላ ጊዜ ለገበያ ሲወርዱ እንደ ዋዛ አነሱት። "እናትሽ ራሷን መቀባት ተወች" አሉኝ። "ለበዓልም አልቀባ አለች። ወተቱን ትገፋለች፣ ቅቤውን ለጎረቤት ታድለዋለች። ፀጉሯ እንደ ገለባ ሆኗል። ምን ሆንሽ ስላት እጄ ክፉ ነው ትለኛለች።"

ጋዝጊብላ መሄድ እንዳለብኝ ያኔ አወቅሁ።

ለዶክተሩ፣ ለነርሷ፣ ተሸክመውኝ ለሮጡት የሰፈር ልጆችና ለብርቱካን ምስጋናዬ ከልቤ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለእናንተ ለተሰፋችሁት ደግሞ ሐኪሙ የነገረኝን እንደ ወረደ ልስጣችሁ። ስፌት ሲሰፋ ካመመ ጠብቋል ማለት ነው፤ ይለመዳል አትበሉ፣ እዚያው ላይ አስላሉት። ከሁለት ወር አታሳልፉት፤ ተፈትቶም ቆዳው ይረፍ፣ በላይ በላዩ አይሰፋም። ከሥሩ ካልታጠበና ደርቆ ካልዋለ ባትሰፉት ይሻላል። ትንሽ መግል ወይም ሽታ ካያችሁ ቅቤም ሆነ ዘይት ሳታስነኩ አስፈቱትና ሐኪም ያየው። የሚሰፋችሁን ሰው፣ ቅቤ የሚቀባችሁንም ሰው፣ ከሥር ያለውን ሳትደብቁ ንገሩት። አስተርጓሚ ሆናችሁ ሐኪም ፊት ከቆማችሁም የተባለውን ሁሉ ተርጉሙ፤ ለራሳችሁ የሚመቸውን ብቻ አትምረጡ።

ይህን ለመጻፍ አፍ ያገኘሁት ጋዝጊብላ ሄጄ ከመጣሁ ወዲህ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሻሽ አስረዋል፤ ከሻሹ ሥር የወጣው ፀጉራቸው ደርቆ ቆሟል። አጠገባቸው ተቀምጬ ዶክተሩ ያለውን ከመጀመሪያው ጀምሬ በኽምጥኛ ነገርኳቸው። መጥበቁን፣ መፈተጉን፣ ቅቤው በኋላ የመጣ መሆኑን። መግሉን አይቼ እንደደበቅኋቸው፣ ይጨምሩልኝ ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ።

ምስሩን መልቀም አልተዉም።

"ይሄን ሁሉ ያኔ ነው የነገረሽ? እኔ እዚያው ቆሜ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምነው ሸሸግሽኝ?"

አለቀስኩ። እሳቸው ሰፌዱን ይዘው ገቡ። ቆዩብኝ። ተቆጥተው ቀሩ ብዬ ልነሳ ስል ቅቤና ሚዶ ይዘው ወጡ። ሻሹን ፈቱና በእኔ ጉልበቶች መሀል፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ" አሉኝ። ታጥቤ መጣሁ። ቅቤውን በመዳፌ እያሟሟሁ የደረቀውን ፀጉራቸውን ከሥር እስከ ጫፍ ቀባሁት፣ በሚዶም ከፈልኩት። የመጀመሪያውን ሹሩባ ስይዝ በእጃቸው ወደ ኋላ ዳብሰው ጣቶቼን አገኙ።

"ላላ አድርጊው" አሉኝ።

ላላ አድርጌ ሠራኋቸው።