ለሰይጣን የተሰጠ ድምፅ

በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ማሚቶ ነው የሚሏት። እንደ ገደል ማሚቶ የሰማችውን ሁሉ መልሳ ታሰማለችና። የጎረቤት ሳል፣ የአስተማሪ ቁጣ፣ የአሮጌ በር ሲጥታ ሳይቀር አንድ ጊዜ ጆሮዋ ከገባ አለቀ፤ የእሷ ነው።

ስታድግ ይኸው ጨዋታ መተዳደሪያዋ ሆነ። የውጭ ፊልሞችን ወደ አገር ቋንቋ በሚመልስ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ በተለጠፈበት መስኮት አልባ ክፍል፣ ማይክሮፎን ፊት ቆማ ለሌላ ሰው አፍ ድምፅ ትሰጣለች። የሚደርሷት የሚያለቅሱ ሕፃናት፣ የሚነዘንዙ አማቶችና “ድረሱልኝ!” ብለው የሚሞቱ ሴቶች ነበሩ። “እኔ ስንቴ ሞቼ ስንቴ እንደተቀበርኩ እንጃ” እያለች ትቀልድ ነበር።

አንድ ቀን አዲስ ተከታታይ ፊልም መጣ። አንድ መርማሪ ፖሊስ የግድያ ወንጀል ሲከታተል ሰይጣን የሰፈረባት የቤት እመቤት ላይ ይደርሳል። ሴትዮዋ ዝምተኛ ናት፤ ለምርመራ ስትቀመጥ ግን ሰይጣኑ በአፏ ይናገራል። ቀረጻውን የሚመራው ሰው፣ ሁሉም አለቃ የሚለው፣ የሰይጣኑን ድምፅ መጀመሪያ ጉሮሮው እንደ በርሜል ለሆነ ተዋናይ ሰጠው። ተዋናዩ አገሳ፣ አጓራ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

“ጉንፋን የያዘው በሬ መሰልክ እኮ!” አለው አለቃ። “ማሚቶ፣ እስቲ አንቺ ሞክሪው።”

ማሚቶ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቀረበች። ምንም አላሰበችም። ንግግሩ “በሩን ክፈቱልኝ፤ ልጆቹ ብርድ ላይ ናቸው” የሚል ነበር። ከአፏ የወጣው ድምፅ ዝቅ ያለና የደከመው፣ የማያውቀውን ሰው እንደሚለምን ሰው ትሑት ነበር። በየቃሉ መጨረሻ ትንፋሹ ይቆረጣል። ስትጨርስ የሳቀ ሰው አልነበረም። አለቃ ክንዱን እያሻሸ፣

“ይኼን ደግሞ ከየት አመጣሽው?” አላት።

“እንጃ” አለች።

ውሸቷን ነው። ገና የመጀመሪያው ቃል ሲወጣ አውቃዋለች። የእናቷ ድምፅ ነበር።

ማሚቶ ገና ልጅ ሳለች እናቷ ታመመች። ሰው መለየት አቆመች፤ ለግድግዳ ታወራለች፣ በባዶ እግሯ ከቤት ትወጣለች። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ “ሰይጣን ሰፍሮባታል” አለ፤ የኋላው ክፍል ከውጭ ተቆለፈባት። እዚያ ሆና በሩን በትሕትና ትለምነው ነበር። ማሚቶ የምትተኛው ከግድግዳው ወዲህ ነው። ምግብ የሚያስገባላት ታላቅ ወንድሟ ነበር። እናትየዋ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣችም፤ ቤተሰቡም ነገሩን አፍኖ ያዘው፤ ዳግመኛ ያነሣው የለም።

ፊልሙ በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር የሰው ሁሉ ወሬ ሆነ። ማሚቶ ፀጉሯን ልትሠራ በተቀመጠችበት፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያለችው ሴት “መርማሪው ሰነፍ ነው፤ እኔ ብሆን በመጀመሪያው ክፍል ይዣት ነበር” ትላለች።

“ፖሊሱን ተዪው፤ እኔን የገደለኝ ያ ድምፅ ነው” አለች ፀጉር ሠሪዋ። “ጆሮዬን ደፍኜ ነው የማየው።”

“እኔ እንኳ አላስፈራኝም፤ አሳዘነኝ እንጂ” አለች ሌላዋ።

“ሰይጣን ያሳዝናል እንዴ? አንቺ ደግሞ!”

ተሳሳቁ። ማሚቶ እርጥብ ፀጉሯን ይዛ በመስታወቱ ውስጥ አየቻቸው።

በሬዲዮም ተመልካቾች እየደወሉ አስተያየት ይሰጡ ነበር። አንዱ ሹፌር መጨረሻው አልገባኝም አለ። አንዲት አስተማሪ “ያለ ማስረጃ ሰው የሚያስር ምን ዓይነት ፖሊስ ነው?” ብላ ተቆጣች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ስልክ መስመር ላይ ገቡ። “ልጄ፣ ያ ድምፅ ትወና አይደለም” አሉት አዘጋጁን። “ያቺን ሴት አንድ ሰው በእውን ሰምቷታል።”

ማሚቶ ሬዲዮኑን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ድምፁ ከስቱዲዮ ተከትሏት ቤቷ ገባ። ዕቃ ስታጥብ ሳታስበው ከአፏ ያመልጣል። አንድ ቀን በር ተንኳኳና “ማነው?” አለች፤ ከአፏ የወጣው ግን የእናቷ ድምፅ ነበር። ማሚቶ ደርቃ ቀረች።

ስትከፍት ወንድሟ ቆሟል። ከተያዩ ዘመን የለውም። ቆብ በእጁ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

“ግባ እንጂ፣ ወንድም ጋሼ።”

ገባ፤ ግን አልተቀመጠም። “ልጆቼ ፊልሙን ሲያዩ ከጓዳ ሆኜ ሰማኋት” አለ። “‘በሩን ክፈቱልኝ’ ስትል ሳህኑን ጥዬ ተነሣሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እቴ፣ ልከፍትላት እስከ በሩ ሄድኩ።”

“አስቤበት አይደለም። ሳላውቀው ነው የወጣው።”

“እማዬ ሰይጣን ነበረባት?”

“አልነበረባትም። ታማ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ለሰይጣን ሰጠሻት?”

መልሷን ሳይጠብቅ ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

የፊልሙ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲመጣ አልሠራም አለች።

“አብደሻል?” አላት አለቃ። “ሰው የወደደው እኮ ያንን ድምፅ ነው!”

“ላብድ ምንም አልቀረኝም። ሌላ ፈልግ።”

ሌላ ተገኘች። አንዲት ወጣት ተዋናይት የድሮውን ቅጂ ደጋግማ ሰማችና ድምፁን ቀዳችው፤ ድካሙን፣ ትሕትናውን፣ የትንፋሹን መቆረጥ ሳይቀር። ልዩነቱን ያወቀ ተመልካች አልነበረም። እንዲያውም “አሁን ይበልጥ አስፈሪ ሆናለች” እያሉ ደወሉ። ማሚቶ በምትኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ “በሩን ክፈቱልኝ” እየተባባሉ ይሯሯጣሉ። ስትሰማቸው ቁልፏን እንደያዘች ግድግዳ ተደግፋ እስኪያልፉ ትጠብቃለች።

ወንድሟ ግን አልጠፋም። እሑድ ከሰዓት ብቅ ይላል። አንድ እሑድ፣

“ያንን ተይውና ጤነኛዋን አሰሚኝ” አላት። “ከመታመሟ በፊት ከደጅ ስትጠራን የነበረውን።”

ማሚቶ ዓይኗን ጨፈነች፤ አፏን ከፈተች። ጉሮሮዋ ላይ የተቀመጠው ያው የደከመው ድምፅ ብቻ ነበር። ሳታወጣው ዘጋችው።

“የለም” አለች። “ትንሽ ነበርኩ። አልያዝኩትም።”

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ ወፍራም ድምፁ “እናንተ ልጆች! እግራችሁን ሳትታጠቡ እንዳትገቡ!” ብሎ ጮኸ። ሁለቱም ሳቁ።

“እንደዚህ ነበር የምትለው?”

“ቃሉ ይኼ ነው። ድምፁ ጠፍቶብኛል።”

“እስቲ ድገመው።”

ደገመው። እሷም ቀጠን አድርጋ ተከተለችው። ራሱን ነቀነቀ። “አይደለም። ስትቆጣ እንኳ ሳቅ ሳቅ ይላት ነበር።”

ማሚቶ እንደገና ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች። እስካሁንም እሑድ ሲገናኙ ይሞክራሉ። አላገኙትም።