ቤቱን ልንሸጥ በተቃረብንበት ወር

ደላላው በመጣ ቁጥር ቤታችን ይወደዳል፤ እኔ ግን አንድም ቀን ሀብታም ሆኜ አድሬ አላውቅም። "መምህር፣ ዘንድሮ ካልሸጥህ መቼም አትሸጥ" ይለኛል። አምናም ያንኑ ብሎኝ ነበር። መንገድ ሲዘጋ የጎንደር ቤት ፈላጊ ያጣል፤ መንገድ ሲከፈት ደግሞ ከየወረዳው የመጣው ሁሉ ቤት ይጠይቃል፣ ዋጋውም ሽቅብ ይወጣል። ታዲያ የእኛ ሲወጣ አዘዞ ልንገዛው ያሰብነው ትንሽ ቤትም አብሮ ይወጣል። አንድ ጎረቤታችን ጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ሸጠና የሚገዛውን ሲያማርጥ ገበያው ጥሎት ሄደ። አሁን ማራኪ ሰፈር ከተማሪዎች ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ቤት አናወራም።

እኔ ግን መሸጥ እፈልግ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ቤቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሠራው የደብሩ መሪጌታ የነበረው አባቴ ነው። የድንጋይ ቤት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ አለው። ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን ተሸክሜ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ቀዳዳ የምፈልገውም እኔ ነኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ፣ እኅቴ ባሕር ዳር ሆነው በስልክ ይመክሩኛል። እናቴን ይዤ አዘዞ፣ ደረጃ የሌለው ቤት ውስጥ፣ ማረፍ ነበር የምፈልገው።

ወንድሜ አንድ ቀን "ትንሽ ታገሥ እንጂ፤ ዋጋው እየጨመረ ነው። ከእናታችን በኋላ ተረጋግተን እንሸጠዋለን" አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ያናደደኝ ግን እኔም አስቤው ስለማውቅ ነው።

ለእናቴ ልንሸጥ ነው ብዬ ስነግራት "እንደ ወደዳችሁ" አለች። የእናቴ "እንደ ወደዳችሁ" እሺ አይደለም፤ እምቢም አይደለም። እኔ ለራሴ በሚመቸኝ በኩል ወሰድሁት።

ገዥ ተገኘ። የማክሰኝት ገበሬ ናቸው፤ ልጆቻቸውን ከተማ ለማስተማር ቤት ይፈልጋሉ። ደረጃውን በርጋታ ወጡ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ከዚያ ከእናቴ ጋር ስለ እህልና ስለ ዝናብ ሲጫወቱ ቆዩ። በዋጋው ተስማማን። ቤቱ የጋራ ውርሳችን ነውና እኅቴ ውክልናዋን ላከች፣ ወንድሜም እያጉረመረመ ላከ፤ ውሉን ወር በገባ በአሥር ልንፈራረም ተቃጠርን።

በሰባት እናቴ ከሥላሴ ማኅበሯ ተመለሰች። ማኅበርተኞቹ እየዘመሩ ከኋላዋ ደረጃውን ይወጣሉ፤ እሷ ከፊት በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችውን ጽዋ አቅፋለች። በሩን እንደያዝሁ ቀረሁ። ጽዋ የተረከበ ሰው በሚቀጥለው ወር በዕለቱ በቤቱ ደግሶ ማኅበሩን ያበላል፣ ያጠጣል። አንዴ ከተረከቡ መመለስ የለም፤ በእኛ ሰፈር የታመመ እንኳ አይመልስም።

እንግዶቹ ሲሄዱ "እማዬ፣ በአሥር እኮ ውል ነው" አልኋት።

"ውሉ ይቆያላ። ሥላሴን በሰው ቤት ላስተናግድ?" አለችና ጋኗን ልታጥብ ወደ ጓዳ ገባች።

ለገበሬው ደወልሁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

"ምነው ልጄ፣ ጽዋ የገባበትን ቤትማ አላስለቅቅም" አሉ። "ይጠጣና እንገናኛለን።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ" አልሁ።

በዚያ ወር መንገዱ ሰላም ሰነበተ። ገዥ በዛ፣ ዋጋውም ዘለለ። ወንድሜ በድሮው ዋጋ ከሆነ ውክልናዬን አንሥቻለሁ አለ። ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች። ለገበሬው መልሼ ደውዬ ጭማሪውን ነገርኋቸው።

"የእኔ አቅም እዚያች ላይ ነበረች" አሉ። "የጠበቅሁት ለሥላሴ ብዬ ነው፤ አልቀየማችሁም።"

ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ያን ሳምንት የተማሪዎቼን ፈተና ማረም እንኳ አቃተኝ።

ሰባት ደረሰና ማኅበሩ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ባረኩ፤ እኔ ጠላ እቀዳለሁ። የአንዲት አሮጊት ማኅበርተኛ ብርጭቆ ስሞላ እጄን ያዝ አደረጉና "ይህ ድግስ እኮ የእኔ ነበር" አሉኝ። "ተራው የእኔ ነበር፤ እናትህ ለምና ወሰደችብኝ። አንቺ ጉልበትሽን አሳርፊ ብላኝ!" ሳቁ። እኔ ጆጉን እንደያዝሁ ጓዳ ገባሁ። እናቴ ዳቦ ትቆርሳለች።

"ተራሽ አልነበረም" አልኋት።

ቢላዋዋን አላቆመችም። "አልነበረም።"

"ታዲያ ምነው አትሽጥ አላልሽኝም?"

"አትሽጥ ብልህ፣ በእሷ የተነሣ ቀረሁ እያልህ ዕድሜ ልክህን ታኮርፈኛለህ። በሥላሴ ግን አታኮርፍም።" አንድ ቁራሽ ትሪው ላይ አስቀመጠች። "እኔ ከአልጋዬ ሆኜ ቅዳሴ የምሰማው እዚህ ነው። አዘዞ ሂጄ ምን ልሰማ?"

ልቆጣ ፈለግሁ። አንድ ደግ ሰው ፊት ቃሌን አሳጥፋኛለች። ግን ከእሷ ይልቅ በራሴ አፈርሁ፤ በዚያ ሁሉ ወር የቤቱን ዋጋ ለስንት ሰው ስጠይቅ እሷን አንድ ጊዜ እንኳ በወጉ አልጠየቅኋትም። ዳቦውን ተቀብያት ወጣሁ።

አመሻሽ ላይ ጽዋዋን ለተረኛዋ ልታስረክብ ተነሣች። "ለከርሞ በዚሁ ቤት ያድርሰን" አለች። ማኅበርተኞቹ "አሜን" አሉ። የወንድሜ "ከእናታችን በኋላ" ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ተረኛዋ እጇን ዘርግታለች፤ እናቴ ግን ጽዋዋን እንደያዘች ዞራ እኔን ታየኛለች።

"አሜን" አልሁ።

ያኔ ለቀቀቻት።