የቋጥኙ ከፍታ

ግንቦት 8 ቀን 2011 ዓ.ም. የተገኘ፤ ፖስታ ቁጥር 41፤ ስድስት ፎቶዎች። ፖስታው ላይ በወንድሜ የእጅ ጽሑፍ «የቋጥኙ ከፍታ … ሜትር» ይላል። ቁጥሩ አልተሞላም።

ወንድሜ ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቷል። ሳምንቱን ሙሉ «አትንቀሳቀስ፣ አገጭህን ቀና!» ሲል ይከርምና እሁድ የሚንቀሳቀስ ነገር ፍለጋ ተራራ ይወጣል። የሚያሳድደው የዱር ፍየል ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ተንከራተተ፤ ፍየሉ ያን ሁሉ ገደል ሲወርድ እንዴት አይሰባበርም?

መልሱ በእነዚህ ፎቶዎች ላይ አለ። በየሩብ ሰከንዱ የተነሱ ናቸው። ፍየሉ ዝም ብሎ ቢወድቅ ኖሮ ከፎቶ ፎቶ የሚወርደው ርቀት እየሰፋ ይሄድ ነበር። ሦስተኛው ላይ ግን ሰኮናው ቋጥኙን ነካ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ርቀቱ ይጠባል። አይወድቅም፣ ፍሬን እየያዘ ነው የሚወርደው።

ተማሪዎቹ «ስበት» የሚሉት የፊዚክስ መምህር ፎቶዎቹን ለሚያዘጋጀው የመማሪያ መጽሐፍ ፈለጋቸው።

«ግን ጋሼ፣ ከፍታውን ሳላውቅ ፍጥነቱን በምን ላሰላው? ያለ ቁጥር ቆንጆ ፎቶ ነው። ቆንጆ ፎቶ ለካላንደር ይሁን» አለው።

ወንድሜ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው፣ እሁድ ነበር፣ ከጎረቤታችን ከግንበኛው የመለኪያ ሜትር ተውሶ ሄደ። ማታ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ።

«ስንት ሆነ?» አልኩት።

«ተገኝቷል፣ እቴ።»

«ስንት?»

«ተገኝቷል አልኩሽ እኮ! ሜትሩ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ።»

«ጻፈዋ!»

«ይኸው ጀመራት! አንቺ እኮ ስታስነጥሺም ቀኑን የምትመዘግቢ ነሽ።»

መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። የማላውቃቸውን ሰዎች ወረቀት ሃያ ዓመት አስተካክዬ ይዣለሁ፤ የገዛ ወንድሜን አንድ ቁጥር ማጻፍ አቃተኝ። ሞቷል ብዬ ንዴቴን አልተውም።

ከዚያ እሁድ በኋላ በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ ግንቦት 8፣ እኩለ ቀን ላይ ልቡ ቀጥ አለ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ይህን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ።

ከቀብሩ በኋላ «ስበት» አንገቱን ደፍቶ መጣ። መጽሐፉ በወሩ መጨረሻ ማተሚያ ቤት ይገባል። ኪሱን፣ መሳቢያውን፣ የካሜራ ቦርሳውን በረበርኩ፤ የለም። ሌላ ሰው ሄዶ ይለካዋል እንዳይባል፣ ከአርባ አንዱ ፖስታ ቦታ የተጻፈበት አንድም የለም። «ቦታውንማ እኔ አውቀዋለሁ» ነበር መልሱ ሁልጊዜ።

የቀረኝ ሜትሩ ነበር። ግንበኛው ቤት ሄድኩ።

«በጠመኔ ያሰመረበትን ነው? ጠመኔውንም ከእኔ ነው የወሰደ» አለና ሜትሩን ዘርግቶ አሳየኝ። «ይዩት እስቲ፣ እትዬ! ሌላው ሲሚንቶ አድርቆበት ነው የሚመልስልኝ። እሱ ግን አዲስ አስመስሎ! ‹ምልክትህስ?› ስለው ‹በቃሌ ይዤዋለሁ› ብሎኝ ሳቀ።»

ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ሄድኩበት። አንድ ጭረት የለም።

ስለዚህ በፖስታው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ እንዳለ ትቼ፣ ከሥሩ ግንበኛው የነገረኝን ጻፍኩ። ግንቦት 8 ቀን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም፣ ወንድሜ የተዋሰውን ሜትር በሳሙና አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ አመስግኖ ለባለቤቱ መለሰ።